ቡሬ ላይ ሆና "ቁጠባና ብድር ማህበር ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?" ላለችው እህት

ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። ላላዩት ሰዎች ባጭሩ ልበለው፦ ቡሬ ላይ በርበሬና ቅመማ ቅመም ትነግጃለሽ፣ በየሳምንቱ 500 ብር ዕቁብ ትጥያለሽ፣ 40 ሰው ናችሁ፣ ዳኛው የግንቦቱን ዕጣ ለአንቺ ሊሰጥሽ ቃል ገብቶልሻል። ጓደኛሽ ደግሞ የሰፈራችሁ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማህበር ካልገባሽ ብላ ወጥራ ይዛሻለች፣ ባለቤትሽ "ብር የሚቀመጠው ባንክ ነው፣ ማህበር ማለት የሰው እዳ መሸከም ነው" ብሎ እምቢ ብሏል፣ አንቺ የምትፈልጊው ግን ኅዳር ላይ በርበሬ ሲረክስ የምትገዢበት 60 ሺህ ብር ነው። ጥያቄሽም ሦስት ናት፣ ብሬ ይጠፋል ወይ፣ ከባንክና ከዕቁብ በምን ይሻላል፣ ብድሩንስ ለኅዳር አገኛለሁ ወይ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ ሙያዬ ሂሳብ ነው፣ ከ10 ዓመት በላይ የነዚህን ማህበራት መዝገብ እያገላበጥኩ ኦዲት ሳደርግ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ከመዝገቡ ወገን ሆኜ ነው የምነግርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሽኝ።

መጀመሪያ ስሙን እንለየው ምክንያቱም በኛ አገር ሰው ሦስት ነገር አንድ ላይ ያምታታል። አንዱ ድሮ አብቁተ የምንለው ነው፣ አሁን ፀደይ ባንክ ሆኗል፣ እሱ ባንክ ነው፣ አንቺ እዛ ደንበኛ ነሽ እንጂ ባለቤት አይደለሽም። ሁለተኛው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያመጡት፣ በቆሎና ስንዴ የሚገዙት የገበሬ ዩኒየኖች ናቸው፣ እንደ ዳሞት፣ ጎዛምን፣ መርከብ ያሉት ማለቴ ነው፣ እነሱም ህብረት ሥራ ናቸው ግን ዋና ሥራቸው ሌላ ነው። ሦስተኛው ጓደኛሽ የምትጠራሽ ነው፦ የአንድ ሰፈር ወይ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ዕጣ (የዕቁቡ ዕጣ ሳይሆን የማህበሩ የባለቤትነት ድርሻ ማለቴ ነው) ገዝተው፣ በየወሩ ቆጥበው፣ ካጠራቀሙት ላይ እርስ በርሳቸው የሚበዳደሩበት። አገራችን ላይ የመጀመሪያው በፈረንጆቹ 1964 በአየር መንገድ ሠራተኞች የተቋቋመው ነው፣ ሐሳቡ ግን ከዛ ይቀድማል፣ ጀርመን አገር ራይፋይዘን የሚባል የገጠር ከንቲባ ነበር፣ ገበሬው በአራጣ አበዳሪ እጅ ከብቱንና መሬቱን ሲያጣ አይቶ ነው ሰው የራሱን ብር ለራሱ እንዲያበድር ያደራጀው። የኛም ሰው አራጣን ያውቀዋል፣ በክረምት 10 ሺህ ተበድሮ በመኸር በሬውን የሸጠ ሰው የማያውቅ ጎጃሜ የለም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ፣ ምክንያቱም ሰውየው ግማሽ እውነት አለው፣ ዝም ብለሽ አትሙገቺው። ባንክና ማይክሮፋይናንስ ላይ ያለ ተቀማጭ የመድን ፈንድ አለው፣ ባንኩ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100 ሺህ ብር ድረስ ይመለስለታል። የቁጠባና ብድር ማህበር እዚህ ውስጥ የለበትም። ብሔራዊ ባንክም አይቆጣጠረውም፣ የሚመዘግበውና የሚመረምረው የህብረት ሥራ መሥሪያ ቤቱ ነው፣ በናንተ ደረጃ የወረዳ ወይ የከተማው ህብረት ሥራ ጽ/ቤት። ስለዚህ "ብሬ ይጠፋል ወይ" ላልሽው፣ ሊጠፋ ይችላል። የሚጠፋበት መንገድ ግን ይታወቃል፣ ደግሞ በብዛት አባሉ ዝም ስላለ ነው የሚጠፋው፣ እሱን ወደ ታች አመጣዋለሁ።

ባለቤትሽ ያልነገረሽ ግማሹ ደግሞ ይሄ ነው። እዛ ስትገቢ ባለቤት ነሽ። የህብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ላይ ያለው አሠራር አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው፣ አንድ ሰው የፈለገውን ያህል ሀብታም ቢሆን ከጠቅላላው ዕጣ ከ10 በመቶ በላይ መያዝ አይችልም፣ አንድ ዕጣ ያላት ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጥ ሴትና ሃያ ዕጣ ያለው ባለ ወፍጮ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እኩል እጅ ያወጣሉ። የብድር ወለዱን ስንት ይሁን የሚለው፣ ትርፉ ይከፋፈል ወይ ለካፒታል ይዋል የሚለው፣ ኮሚቴው ይውረድ ወይ ይቀጥል የሚለው የሚወሰነው እዛ ነው። ባንክ ሄደሽ "ወለዱ በዛብኝ፣ ሥራ አስኪያጁን እናውርደው" ብትዪ ጥበቃው ነው የሚሸኝሽ።

ስለ ወለዱ ሐቁን ልንገርሽ። ሰዎች ሲቀሰቅሱ "ከባንክ የተሻለ ወለድ ይሰጣል" ይላሉ፣ አንዳንዱ እውነትም ይሰጣል፣ ባንክ ከ2010 ጀምሮ የቁጠባ ወለድ ከ7 በመቶ እንዳያንስ ተደርጓል፣ ማህበራትም እዛው አካባቢ ወይ ትንሽ ከፍ አድርገው ይሰጣሉ። ግን የኑሮ ውድነቱ በ2014 ከ30 በመቶ ያለፈበትን ጊዜ አይተናል፣ 7 ሆነ 9 ሆነ እሱን አይመክትም። ለወለድ ብለሽ እንዳትገቢ። በኔ እምነት ወደነዚህ ማህበራት መግባት የሚያዋጣው ለብድሩ ነው፣ ባንክ ካርታ ወይ ሊብሬ አምጪ በሚልሽ ቦታ እዚህ ቁጠባሽና ጎረቤትሽ ዋስ ሆነው ያበድሩሻል። ብዙ ማህበራት የቆጠብሽውን ሁለት ወይ ሦስት እጥፍ ነው የሚሰጡት፣ ስንት እጥፍ እንደሆነና ስንት ወር መቆጠብ እንዳለብሽ መተዳደሪያ ደንባቸው ላይ ተጽፏል፣ አብዛኛው ቦታ 6 ወር ነው። ሌላው ትርፉ ነው፣ ዓመቱ ሲዘጋ ከትርፉ ለመጠባበቂያ ተቀንሶ የቀረው በዕጣሽ መጠን ይከፈልሻል፣ ብዙ አትጠብቂ ግን አለ።

ወደ ብድሩ ሂሳብ እንግባ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው።

60 ሺህ ብር በ15 በመቶ ለ12 ወር ወሰድሽ እንበል፣ 15ቱን ለምሳሌ ነው ያልኩት የናንተን ጠይቂ። በየወሩ ከዋናው 5,000 ትከፍያለሽ። ወለዱ በቀሪው እዳ ላይ የሚሰላ ከሆነ የመጀመሪያው ወር ወለድ 750 ብር ነው፣ በየወሩ እየቀነሰ የመጨረሻው ወር 62 ብር ከ50 ላይ ይደርሳል፣ ጠቅላላ ወለዱ 4,875 ብር ይሆናል። ወለዱ ሁሌም በመጀመሪያው 60 ሺህ ላይ የሚሰላ ከሆነ ግን፣ ማለት 50 ሺህ ከፍለሽ 10 ሺህ ቢቀርሽም ልክ 60 ሺህ ያለብሽ ተደርጎ ከሆነ፣ ጠቅላላው 9,000 ብር ነው። ሁለቱም ወረቀት ላይ "15 በመቶ" ነው የሚባለው! ስለዚህ "ወለዱ ስንት ነው" ብለሽ ብቻ አትመለሺ፣ "በቀሪው ላይ ነው ወይስ በመነሻው ላይ" ብለሽ ጠይቂ፣ ከቻልሽ ደግሞ "60 ሺህ ብወስድ በየወሩ የምከፍለውን በወረቀት ጻፉልኝ" በያቸው። ጥሩ ማህበር ከሆነ ሂሳብ ሠራተኛዋ አምስት ደቂቃ አይፈጅባትም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። 60 ሺህ ለመውሰድ በሦስት እጥፍ ቢሆን 20 ሺህ ቆጥበሽ መገኘት አለብሽ፣ ያ 20 ሺህ ደግሞ ብድሩ እስኪያልቅ ተይዞ ይቆያል አታወጪውም። ስለዚህ በእጅሽ የገባው የሰው ብር 40 ሺህ ነው፣ 20ው የራስሽ ነው። በራስሽ ብር ላይ 15 እየከፈልሽ 7 ይታሰብልሻል ማለት ነው፣ ሲሰላ የብድሩ እውነተኛ ዋጋ ገና ከመጀመሪያው ወደ 19 በመቶ ይጠጋል። ከ8ኛው ወር ክፍያ በኋላ ደግሞ የሚቀርሽ እዳ 20 ሺህ ነው፣ ልክ የቆጠብሽውን ያህል፣ ከዛ ወዲያ የምትከፍዪው ወለድ በራስሽ ገንዘብ ላይ ነው። ይሄ ማህበሩ አጭበረበረሽ ማለት አይደለም፣ ቁጠባሽ መያዣ ስለሆነ ነው ያለ ካርታ ያበደሩሽ። ግን አውቀሽ ግቢበት፣ 8ኛው ወር ላይ ብር ካለሽ ቀሪውን ጠቅልለሽ መክፈል ይቻል እንደሆነና ቅጣት እንደሌለው ቀድመሽ አረጋግጪ።

በርበሬው ላይ ዋናው ችግር ሌላ ነው፣ የመክፈያው ጊዜ። አንቺ ኅዳር ላይ ገዝተሽ፣ አድርቀሽ፣ አበጥረሽ፣ ዋጋው ከፍ ሲል ክረምት ላይ ነው የምትሸጪው፣ ብድሩ ግን ታኅሣሥ ላይ 5,750 ብር አምጪ ይልሻል፣ ጥር ላይም ለዛ የቀረበ። ብዙ ነጋዴ ያየሁት እዚህ ላይ ነው የሚሰበረው፣ በርበሬው ጎተራ ውስጥ ተቀምጦ ወርሃዊውን ለመክፈል መጋቢት ላይ በርካሽ ይሸጡታል፣ ትርፉን ሌላ ሰው ይበላዋል። ለብድር ኮሚቴው ሥራሽን በደንብ አስረጂ፣ የምርት ወቅት ብድር ካላቸው ወይም ዋናውን ሲሸጥ ከፍለሽ እስከዛ ወለዱን ብቻ የምትከፍዪበት የእፎይታ ጊዜ ከፈቀዱልሽ ጥሩ፣ ካልፈቀዱ ከየቀኑ የቅመም ሽያጭሽ 5,750 ማውጣት ትችያለሽ ወይ ብለሽ የሦስት ወር ሽያጭሽን በደብተር ያዢና እዪው። ካልወጣልሽ 30 ሺህ ውሰጂ። ደግሞ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ ግን፣ እርጥብ በርበሬ ተመዝኖ ከተገዛ ሲደርቅ ኪሎው ይወርዳል፣ ሳይደርቅ ከታጨቀ ይሻግታል፣ በብድር የተገዛ በርበሬ ሻገተ ማለት እዳው እንዳለ ቀረ ማለት ነው፣ መጋዘንሽን ቀድመሽ አዘጋጂ።

ዋስትናን በተመለከተ ባለቤትሽ "የሰው እዳ መሸከም" ያለው እዚህ ላይ ልክ ነው። ሁለት ወይ ሦስት አባል ዋስ ይሆንሻል፣ አንቺም ነገ ለሌላ ሰው ዋስ ትሆኛለሽ፣ ተበዳሪው ሲያቆም ከዋሱ ቁጠባ ነው የሚቆረጠው። ሰው በኛ አገር እምቢ ማለት ያፍራል፣ የክርስትና ልጅሽ አባት መጥቶ "እታለም ፈርሚልኝ" ሲልሽ ትፈርሚያለሽ። አትፈርሚ አልልሽም፣ ካልፈረምሽ የማህበሩ ነገር ራሱ ይቆማል። ግን ለሰውዬው ይሉኝታ ብለሽ ሳይሆን ቤቱንና ሥራውን አይተሽ ፈርሚ፣ የዋስትናሽን ቅጂ ያዢ፣ እዳው ሲያልቅ ነፃ መሆንሽን በወረቀት ጠይቂ። ዋስ ሆነሽ ሳለ ከማህበሩ ልውጣ ብትዪ ቁጠባሽን አይሰጡሽም፣ ይሄንንም አትርሺ።

አሁን ብር የሚጠፋበትን መንገድ ልንገርሽ፣ አንድ ያየሁትን ነው የምነግርሽ፣ ቦታውን አልጠራም።

አንዲት የገጠር ከተማ ላይ ማህበር ልመረምር ሄድኩ። አሠራራችን ከመዝገቡ ላይ የተወሰኑ አባላት መርጠን ደብተራቸውን ይዘው እንዲመጡ እናደርጋለን፣ ደብተሩንና የማህበሩን መዝገብ እናስተያያለን። አንዲት ጠላ የሚጠምቁ እናት መጡ፣ ፊደል አልቆጠሩም፣ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል፣ ገና ሲፈቱት የጌሾ ሽታ ወጣ። መዝገቡ ላይ ሳይ የአራት ወር ቁጠባ የለም። ደብተራቸው ላይም የለም። ገንዘብ ያዡን ስጠይቀው "እሜቴ እነዛን ወራት አልከፈሉም፣ ታመው ነበር" አለኝ ረጋ ብሎ። እሳቸው ምንም አልተናገሩም፣ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አንድ ጭብጥ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት፣ እያንዳንዱ አራት ቦታ ታጥፎ ትንሽ ክኒን አክሏል። የገቢ ደረሰኝ ነው፣ ከገቡበት ቀን ጀምሮ አንዱም ሳይጎድል። አንድ በአንድ እየፈታሁ ደረደርኳቸው፣ አራቱም ወር አለ፣ ቁጥሩም ፊርማውም የሱ ነው። "ማንበብ አልችልም፣ ግን ብር ሰጥቼ ወረቀት የሰጠኝን ወረቀት አልጥልም" አሉኝ። ከዛ ሌሎቹን አባላት ስንጠራ ተመሳሳይ ነገር የደረሰባቸው ብዙ ሆኑ፣ ደረሰኝ ያላቸው ተመለሰላቸው፣ ደረሰኝ ያልያዙት "እኔ እኮ ከፍዬ ነበር" እያሉ ቀሩ። ደረሰኙ የሌለ ሰው እንዴት ላግዘው፣ እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ አንዲት ብር ያለ ደረሰኝ አትስጪ፣ ሰብሳቢው ቤትሽ ድረስ ቢመጣም፣ ዘመድሽ ቢሆንም። ደረሰኙ ቁጥር የታተመበትና ማህተም ያለበት ይሁን። ደብተርሽ ላይ ሲጻፍ ቆመሽ እይ። እኛ አካባቢ ኢንተርኔት ወራት ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ አይተናል፣ ሂሳቡን በኮምፒውተር የሚይዝ ማህበር እንኳን ቢሆን ያንቺ ማስረጃ እጅሽ ላይ ያለው ወረቀት ነው።

ከመግባትሽ በፊት ደግሞ ቢሯቸው ሄደሽ ቁጭ በይና ጠይቂ፣ ነገ ባለቤት የምትሆኚ ሰው ነሽ አትፈሪ። የምዝገባ የምስክር ወረቀታቸው ግድግዳ ላይ መሰቀል አለበት፣ ከሌለ እዛው ጉዳዩ አለቀ ውጪ። መተዳደሪያ ደንቡን ስጡኝ ላንብበው በያቸው። ከዛ የመጨረሻው የኦዲት ሪፖርት መቼ እንደተሠራ ጠይቂ፣ ሁለትና ሦስት ዓመት ኦዲት ያልተደረገ ማህበር ሌባ አለበት ማለት አይደለም፣ ህብረት ሥራ ጽ/ቤቶች የሰው ኃይል ያጥራቸዋል እኔም እዛ ስለሠራሁ አውቀዋለሁ፣ ግን ሌባ ቢኖርም የሚያውቅ የለም ማለት ነው። በመጨረሻ የምትጠይቂው፣ ለኔ ትልቁ እሱ ነው፣ "ከተሰጠው ብድር ውስጥ ጊዜው ያለፈበት ስንት ነው?" የሚለው ነው። ስም አትጠይቂ፣ መጠኑን ነው። ከ100 ብር ውስጥ 3 ወይ 4 ብር ዘግይቷል ካሉሽ ደህና ናቸው፣ ሃያና ከዛ በላይ ካሉሽ የሰው ቁጠባ እየተበላ ነው፣ "እሱን አናውቀውም" ካሉሽ ደግሞ ከሃያውም ይብሳል። ያለፈ ጊዜ ብድር ያለባቸው ኮሚቴዎቹ ራሳቸው ሆነው ያየሁበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ ከቻልሽ ከዕድሜ ጠገብ አባላት አንድ ሁለቱን ለብቻ አናግሪ፣ ጠቅላላ ጉባኤ በየዓመቱ ይጠራል ወይ፣ ሲጠራ ሪፖርት ይነበባል ወይስ ቡና ተጠጥቶ ነው የሚወጣው በያቸው።

ሌላ ደግሞ በዚህ ስም የሚነግዱ አሉ፣ "በወር ይሄን ያህል እጥፍ እናደርግልሻለን፣ ሰው ካመጣሽ ኮሚሽን አለሽ" የሚሉ። የቁጠባና ብድር ማህበር ብሩን የሚያገኘው አባል ከሚከፍለው የብድር ወለድ ነው፣ ሌላ ምንጭ የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ አበዳሪው ከሚያስከፍለው በላይ ለቆጣቢ መስጠት አይችልም። ከዛ በላይ የሚልሽ ካለ ከሌላ ሰው ኪስ አውጥቶ ነው የሚሰጥሽ።

አባልነቱን በስምሽ አድርጊው። ባለቤትሽም ከፈለገ በራሱ ስም ይግባ፣ ሁለታችሁም የየራሳችሁ ድምፅና የየራሳችሁ የብድር መብት ይኖራችኋል፣ እርስ በርስ ዋስ መሆን ግን ብዙ ቦታ አይፈቀድም ምክንያቱም አንድ ቤት ሲወድቅ ሁለቱም ይወድቃሉ። ስትመዘገቢ ወራሽ ጻፊ የሚል ቦታ አለ፣ ባዶ እንዳትተዪው፣ ያ መስመር ባዶ ስለሆነ ልጆች ፍርድ ቤት ሲመላለሱ አይቻለሁ። ወለድ የማይወስዱ ሙስሊም ጎረቤቶችሽ ይሄን እያነበቡ ከሆነም፣ ከወለድ ነፃ የሚሠሩ ማህበራት አሉ፣ ህብረት ሥራ ጽ/ቤት ሄዶ ማጣራት ነው።

ዕቁቡን አታቋርጪ። መቼም ከመሃል መውጣት ነውር ነው፣ ደግሞ ዕቁብ ወለድ የለውም፣ 40 ሳምንት በ500 ጥለሽ 20 ሺህሽን ሙሉውን ነው የምታገኚው፣ እሱን የመሰለ ብድር የትም የለም። ጉድለቱ ዕጣሽ ከወጣ በኋላ የከፋይነት ታሪክ አይቀርልሽም፣ ቀብር ቢገጥምሽ፣ ልጅ ቢታመምብሽ ዳኛውን ለምነሽ ነው፣ መጠኑም ከ20 ሺህ አያልፍም። ማህበሩ ግን ዘንድሮ 30 ወስደሽ በደንብ ከመለስሽ የሚቀጥለው ዓመት 60 ትጠይቂያለሽ፣ ጥሩ ከፋይነትሽ መዝገብ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ነው የሚሻለው።

እንዴት እንደሚሆን ላስላልሽ። አሁን ጥምቀት አልፏል፣ ጥር አጋማሽ ላይ ነን። ማህበሩን አይተሽ ከወደድሽው በዚህ ሁለት ሳምንት ውስጥ የመመዝገቢያና የአንድ ሁለት ዕጣ ከፍለሽ ግቢ፣ ዕጣ ማብዛት አሁን አያስፈልግሽም፣ ዕጣ እንደ ቁጠባ በፈለግሽ ጊዜ አይወጣም። ከዕቁቡ ጎን ለጎን ስለሆነ የግዴታ ቁጠባውን ትንሹን፣ በወር 500 ብር በይው፣ አንድም ወር ሳትዘዪ አስገቢ፣ ብድር ኮሚቴ ከመጠኑ በላይ አለመቆራረጡን ነው የሚያየው። ግንቦት ላይ ዕቁብሽ ሲወጣ 20 ሺሁን እንዳለ በፍላጎት ቁጠባ አስገቢው። እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር ቀድመሽ ጠይቂ፦ በአንድ ጊዜ የገባ ብር ለብድር እጥፍ ይቆጠራል ወይ፣ ከተቆጠረስ ስንት ወር መቀመጥ አለበት? አንዳንዱ ማህበር 3 ወር ይላል፣ አንዳንዱ 6፣ አንዳንዱ ጭራሽ የግዴታውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ስድስት ወር ካሉሽ ለዚህ ነው ግንቦት መጀመሪያ ላይ እንዲወጣልሽ ዳኛውን አሁኑኑ ማነጋገር ያለብሽ፣ ከግንቦት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ስድስት ወር ይሞላል፣ ወደ ግንቦት መጨረሻ ከወጣ ግን ኅዳር ያልፍና በርበሬው ከገበሬው እጅ ወጥቶ ይጠብቅሻል።

የብድር ማመልከቻውን ደግሞ ኅዳር እስኪገባ አትጠብቂ። በዛ ሰሞን ነጋዴው ሁሉ ነው የሚጠይቀው፣ የማህበሩ ካዝና ውስጥ ያለው ብር የተወሰነ ስለሆነ ወረፋ ይያዛል። መስከረም ላይ ዋሶችሽን ጨርሺ፣ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ማመልከቻሽን አስገቢና የተቀበለሽን ሰው ቀን ጽፎ ቅጂው ላይ እንዲፈርምልሽ አድርጊ። መተዳደሪያ ደንቡን ካገኘሽ በኋላ ያልገባሽ አንቀጽ ካለ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ማታ ማታ አየዋለሁ።